ግድግዳዬ ላይ የነበረው ዓሣ

የልጅ ልጄ ሕይወት ትናንት ከትምህርት ቤት ገብታ ቦርሳዋን ሳታወርድ፣ "እማማ፣ ሙጫ ግዢልኝ" አለችኝ። የዱር አራዊት ሥዕል ወረቀት ላይ ለጥፋችሁ ኑ ተብለዋል። እስከ ሱቅ ማን ይሄዳል ብዬ አንድ እፍኝ የስንዴ ዱቄት በውሃ በጠበጥኩና ከሰል ላይ ጣድኩት። እየወፈረ ሄዶ ቡፍ ቡፍ ማለት ሲጀምር ያ ሽታ ወጣ። የዱቄት ሙጫ ሽታ የምታውቁት ታውቁታላችሁ፤ ጥሬም አይደል፣ ብስልም አይደል፤ ገንፎ ልሁን ብሎ ጀምሮ የተወው ነገር ነው የሚመስለው። ማማሰያውን እንደያዝኩ ቆሜ ቀረሁ። ልጅቷ "እማማ፣ አረረ እኮ!" ብላ እጄን እስክትነካኝ ድረስ እዚህ አልነበርኩም።

ደባርቅ ነበርኩ እንዳልል አሁንም ያለሁት ደባርቅ ነው። ግን ያችኛዋ ደባርቅ ሌላ ናት። ከጎንደር በዳባት አድርጎ የሚመጣው መንገድ ያኔም ከተማዋን ሰንጥቆ ወደ ሊማሊሞ ይወርድ ነበር፤ ከሊማሊሞ በታች ዛሪማ ነው፤ ከዛሪማ በኋላ ያለውን እኔ አላውቅም። አውቶቡሱ የሚቆምበት ጥግ አንዲት ሻይ ቤት ነበረች። ራዲዮኗ በራፏ ላይ ተሰቅላ ትውላለች፤ ጠዋት ጠዋት ሰልፍ የሚያስመታ ዘፈን፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ የናፍቆት ዘፈን ታሰማለች፤ ሰዉ ሁለቱንም እኩል አንገቱን እየነቀነቀ ይሰማ ነበር። ሻይና ዳቦ በስሙኒ ነው። ወንዱ ካኪ ኮት ይለብስና እግሩ ላይ በረባሶ ያደርጋል፤ ሻል ያለው ሸራ ጫማ አለው። ለኛ ለሴቶቹ ደግሞ ያን ሰሞን ቴትሮን የሚሉት ጨርቅ መጥቶልን ነበር፤ ሲነኩት የሚቀዘቅዝ፣ አጥበው ሳይጨርሱት የሚደርቅ። እኔም አንዲት አረንጓዴ ነበረችኝ፤ ከታች ጫፏ ላይ ነጭ ነጭ አበባ ያላት። ዓመተ ምሕረቱን አትጠይቁኝ። ቀበሌ የሚባል ነገር የመጣበት፣ ስብሰባ የበዛበት፣ ሰው ድምፁን ዝቅ አድርጎ የሚያወራበት ጊዜ ነው። ስለ ዘመኑ ከዚህ በላይ የማውቅ ሰው አይደለሁም።

ቤቱ ሁሉ ጭቃ ነበር። ጭቃ ግድግዳ ደግሞ ይራገፋል፤ እህሉ ላይ፣ ልብሱ ላይ፣ የተኛ ሰው ዓይን ላይ ይወርዳል። ስለዚህ በዓል ሲመጣ ግድግዳው ወረቀት ይለጠፍበታል። ነጋዴው ጋዜጣ ይለጥፋል፣ ቄሱ ያለፈ የቀን መቁጠሪያ፣ ምንም የሌለው የስኳር ከረጢት ወረቀት። ሰው ቤት ስትገቢ ሰላምታው ሳያልቅ ዓይንሽ ግድግዳው ላይ ነው። የኛ ቤት የተለበሰው ግን በፈረንጅ መጽሔት ነበር፤ ያውም ባለቀለም። ጎረቤት ሲያማን፣ "የእናኑ ቤት እኮ ሲኒማ ነው፣ መግቢያ ማስከፈል ነው የቀራት" ይለን ነበር።

እናኑ እኔ ነኝ። መጽሔቱን ያመጣው ባለቤቴ አስረስ ነው። አስረስ ከከተማው በላይ ያለው የተራራው ፓርክ ዘበኛ ነበር፤ ስካውት ይሏቸዋል። እዚያ ላይ፣ ግጭ የሚሉት ቦታ፣ ዋልያ የሚቆጥር አንድ ወጣት ፈረንጅ ነበር፤ ጢሙ ቀይ፣ አፍንጫው ከፀሐይ ብዛት የተላጠ። ሰዉ ስሙን መጥራት ቢቸግረው "ዋልያው" አለው፤ እሱም ዋልያው ሲሉት አቤት ይላል። አስረስ በቅሎውን እየሳበ፣ የሩቅ ማያ መነጽሩን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ አብሮት ይዞር ነበር። ለፈረንጁ ከአገሩ መጽሔት ይላክለታል፤ አንብቦ ሲያበቃ ለስካውቶቹ ይሰጣቸዋል። ምን እንደሚያደርጉበት ቢጠይቃቸው፣ "ቤት እናለብስበታለን" አሉት። እንደገና አስተርጉሙልኝ አለ አሉ።

አንድ ቀን አስረስ ከተራራው ወርዶ ገና ጋቢውን ሳያወልቅ፣

"ዋልያው አነሳኝ" አለኝ።

"ምኑን አነሳህ?"

"ፎቶ ነዋ። መጽሔቱ ላይ ትወጣለህ ብሎኛል።"

"አንተ? ከነዚያ ከዝሆንና ከነብሩ ጋር?"

"ምን ላድርግ፣ እነሱ ካላፈሩብኝ።"

እንዲህ ነበር እሱ።

ፋሲካ ሲደርስ ግድግዳውን ልናድስ ተነሳን። እኔ ሙጫውን አፈላለሁ፣ አስረስ መጽሔቱን እየገነጠለ ይለጥፋል፣ እናቱ እማሆይ ጠጂቱ መቋሚያቸውን ይዘው ከመደቡ ላይ ቁጭ ብለው ይቆጣጠሩናል። ባላቸው ሲሞቱ ቆብ ጭነው ከኛ ጋር የሚኖሩ ሴት ነበሩ። ወረቀት ሁለት ፊት አለው፤ አንዱ ለሰው ነው፣ አንዱ ለጭቃ። ስለዚህ አስረስ እያንዳንዱን እያነሳ "የቱ ይውጣ?" ይለኛል፣ እኔ እመርጣለሁ። ነብሩ ይውጣ፣ ጽሑፉ ወደ ጭቃ። አበባው ይውጣ፣ መኪናው ወደ ጭቃ። አንዱ ላይ እንደ ተወለደች የቆመች፣ እንስራ የተሸከመች ሴት ወጣች።

"ይቺ ራቁቷን ናት" አሉ እማሆይ።

"አገሯ ሙቀት ነው፣ እማሆይ።"

"ቢሞቃትስ፣ እኔ ራስጌ ምን አመጣት?"

አስረስ ከምድጃው አንድ ከሰል አነሳና ቀሚስ ሳለላት። እማሆይ ጠጋ ብለው አዩና "አጭር ነው" አሉት። እስከ ቁርጭምጭሚቷ አወረደላቸው።

በመጨረሻ ከኮቱ ውስጥ እጥፍ አድርጎ የያዘውን አንድ ሰፊ ገጽ አወጣ። ከሌሎቹ አዲስ ነበር፤ ያብረቀርቃል። ወደኔ የዞረው ፊት ባሕር ነው። እንደዚያ ያለ ሰማያዊ በሕይወቴ አይቼ አላውቅም፤ የጥቅምት ሰማይ እንኳ እንደሱ አይጠራም። ከመሀሉ ላይ አንድ ዓሣ፣ ከቤታችን የሚበልጥ፣ ብቻውን ተንሳፍፏል።

"የቱ ይውጣ?" አለ።

"ዓሣው!"

"ጀርባውን ሳታዪ?"

"ምን አያለሁ፣ እጄ ሙጫ ነው። ዓሣው ይውጣ አልኩህ።"

ሳቀ። "እሺ፣ ዓሣው አሸነፈ" አለና እንደ ሌሎቹ እንድቀባው ሳይሰጠኝ ራሱ ሙጫውን በጣቱ ጫፍ እየነካ ጠርዝ ጠርዙን ብቻ ቀባው። ከአልጋችን በላይ ለጠፈው።

"መሀሉን አልቀባኸውም" አሉ እማሆይ። "ይነፋል።"

"ይንፋ፣ እማዬ። ዓሣ ነው፣ ይተንፍስ።"

ከበዓሉ በኋላ ወደ ላይ ተመለሰ። ፈረንጁ አገሩ ሊገባ ነው፣ ድንኳኑንና በቅሎዎቹን እናወርዳለን አለ። በዚያ በኩል ተኩስ አለ ይባል ነበር። የካኪ ኮቱ መሀለኛ ቁልፍ ከወለቀ ቆይቷል፤ እማሆይ መርፌና ክር ይዘው በር ድረስ ተከተሉት። "አውልቀው፣ አሁን ልትከልልህ።" "ስመለስ ትተክይልኛለሽ" ብሏቸው ሄደ።

አልተመለሰም።

ሰዉ ብዙ አለ። አንዱ ወደ በረሃ ገባ አለ፣ አንዱ ተይዟል አለ፣ አንዱ ዛሪማ ላይ ጨው ሲጭን አየሁት አለ። መርዶ ግን አልመጣም። በኛ አገር የሩቅ ሰው ሞት በወሬ አይለቀስም፤ ሽማግሌዎች ተሰብስበው በማለዳ ቤትሽ መጥተው ሲነግሩሽ ነው መርዶ የሚባለው፤ ከዚያ ነው ለቅሶ የሚቀመጡት። እማሆይም "መርዶ ያልመጣለትን ልጄን በቁሙ አልገድለውም" አሉ። ለቅሶ አልተቀመጥንም። ፍታትም አልተፈታለትም።

እኔስ? እኔም እንደዚያው ቀረሁ። አዘንኩ እንዳልል አላለቀስኩም፣ ጠበቅኩ እንዳልል የጠበቅኩትም ነገር አልነበረም። ጠላ እጠምቃለሁ፣ እሸጣለሁ፣ እተኛለሁ። ሙቅ ውሃ እጄን ሲነካው መሞቁን አውቀዋለሁ፣ ሲያቃጥለኝ ግን አይሰማኝም ነበር። ቴትሮኗን ቀሚሴን እሑድ እሑድ እለብሳለሁ፤ አምሮብሻል ሲሉኝ አምሮብኛል ማለት ነው ብዬ አስብና አልፋለሁ። ማታ ጋደም ስል የማየው ዓሣውን ነው። ክረምት ሲገባ ከሊማሊሞ በኩል የሚመጣው ነፋስ በግድግዳው ስንጥቅ ይገባና ወረቀቱን ከመሀሉ ያነሳዋል፣ ይመልሰዋል። ሆዱ ወጣ ይላል፣ ገባ ይላል። ይተነፍስ ነበር። በቤቱ ውስጥ ሳይደክመው የሚተነፍስ እሱ ብቻ ይመስለኝ ነበር።

አስረስ ሲሄድ ነፍሰ ጡር ነበርኩ። ልጄ ስመኝ ተወለደች፤ መጀመሪያ የሳቀችው ለዓሣው ነው። አድጋ አፏን ስትፈታ፣ ቀጥሎም ወሬ ስታበዛ፣ አንድ ቀን ጌሾ እየለቀምን ሳለ "አባቴ ምን ይመስላል?" አለችኝ። ልነግራት አፌን ከፈትኩ። ኮቱ መጣልኝ። ሳቁ መጣልኝ። ጋቢውን የሚጥልበት ትከሻ እንኳ የቱ እንደሆነ መጣልኝ። ፊቱ ግን አልመጣም። ጠይም ነው አልኳት፣ ጠይም ያልሆነ ማን አለ? ፎቶ የለውም፤ አንዲቷ የመታወቂያው ፎቶ ከኪሱ ጋር ሄዳለች። ልብሱንም ቢሆን አንዲቱን ትርፍ ሱሪውን ቆርጬ ለሷ ሰፍቼባት ነበር። አንድ ሰው እንዲህ ተጠርጎ ይሄዳል ብዬ አላስብም ነበር። ያኔ ነው "መጽሔቱ ላይ ትወጣለህ ብሎኛል" ያለኝ ትዝ ያለኝ።

እንግዲህ መፈለግ ጀመርኩ። መጀመሪያ ግድግዳዬን ከጣሪያ እስከ ወለል አየሁ፤ ነብር፣ አበባ፣ ቀሚስ የለበሰችው ሴት። እዚያ አልነበረም። ቀጥዬ ባለሱቁ ጋሽ ዘውዱ ጋ ሄድኩ፤ ሚጥሚጣና ስኳር የሚጠቀልለው ከፓርኩ በወጣ መጽሔት ነው። "ቆይ፣ እሱን ሳይሆን ከሥሩ ባለው ጠቅልልልኝ" ስለው፣ "እናኑ፣ የምትገዢው ስኳሩን ነው ወረቀቱን?" ይለኛል። ጤና ጣቢያ ሄጄ ሳያመኝ ወረፋ ያዝኩ፣ እዚያ ጠረጴዛ ላይ የተቀደዱ ነበሩ። መሠረተ ትምህርት ያስተማሩኝ መምህር ፈንታሁን የሚባሉ ጎጃሜ፣ የዋህ ሰው፣ ኋላ ወደ ዳባት ተዛውረው ነበር። "ዳባት ትምህርት ቤት መጋዘን ውስጥ ብዙ ካርቶን አሮጌ መጽሔት አለ፣ በዕርዳታ የመጣ፤ አይጥ ሳይጨርሰው ነይና እይው" ብለው ላኩብኝ።

የዳባት ገበያ ቀን ጌሾዬን ጭኜ በጭነት መኪና እወርዳለሁ። ጌሾው ሲያልቅልኝ ስመኝን ይዤ ወደ መጋዘኑ። ዱቄት የሚያህል አቧራ፣ የተሰበረ ወንበር፣ አንዲት መስኮት። አንዱን ካርቶን ገልብጬ እቀመጥበትና ሌላውን እከፍታለሁ። ጭነት መኪናው ጥሩምባ እስኪነፋ ድረስ ገጽ እገልጣለሁ። ፊደል ቆጥሬያለሁ፣ ግን ያ የፈረንጅ ፊደል ነው፤ ለኔ የጉንዳን ሰልፍ ነው። የምፈልገው ፊት ነውና ጽሑፉ አላስቸገረኝም።

እሱን ስፈልግ ያላየሁት አልነበረም። በረዶ ላይ የሚኖሩ ሰዎች አየሁ፤ በሬያቸው ውሻ ነው፣ ሥጋውን በጥሬው ይበላሉ፤ እነዚህስ ዘመድ ናቸው አልኩ። አንገታቸው ላይ ቀለበት እየደራረቡ የሚያስረዝሙ ሴቶች አየሁ። ሞተው ከተጣጠፉ ብዙ ዘመን ሆኗቸው ጥርሳቸው ያልወለቀ ሰዎች አየሁ። የንብ ፊት በግ አክሎ አየሁ፤ ጠጉር አለው፤ ከዚያ በኋላ ቀፎ ስር ስሄድ ከድሮው አብልጬ ጎንበስ እላለሁ። ከዋክብት እንደ ፈሰሰ ጤፍ። አፉን የከፈተ ተራራ፣ እሳት የሚያስመልሰው። ጨረቃ ላይ የቆመ ሰው አይቼ ለእማሆይ ብነግራቸው "ጫማውን አውልቋል?" አሉኝ። "አላወለቀም፣ ያውም ትልቅ ጫማ ነው" ስላቸው አማተቡ፤ ጨረቃዋን ለብዙ ቀን አዘኑላት።

አንዱ ላይ ደግሞ እናቱ ማሕፀን ውስጥ ያለ ሕፃን ነበር፣ ጣቱን የሚጠባ። "እንዲህ ነበርሽ" አልኳት ስመኝን።

"አባቴ ሲሄድ እንዲህ ነበርኩ?"

"ከዚህም ታንሺ ነበር።"

"እንግዲያ እሱም እኔን አያውቀኝም" አለችና ገጹን ገለጠችው።

መምህር ፈንታሁን አንዳንዴ ክፍል ሲያበቁ ይመጣሉ። የዓሣዬን ዓይነት ሥዕል አግኝቼ ምን እንደሚል ጠየቅኳቸው። "ዓሣ ነባሪ ይባላል። ግን ዓሣ አይደለም" አሉኝ። "ይወልዳል፣ ልጁን ጡት ያጠባል፤ ለመተንፈስ ወደ ላይ ይወጣል።" ለእማሆይ ይህንንም ወሰድኩላቸው። "ጡት ካጠባ እንግዲያ በጾም አይበላም" ብለው ነገሩን ዘጉት።

አንድ ቀን መምህሩ በሩን ተደግፈው ሲያዩኝ ቆዩና፣

"እናኑ፣ ይሄን ያህል ምንድን ነው የምትፈልጊው?" አሉኝ።

"ባለቤቴን።"

ነገርኳቸው። እጄ ላይ ያለውን መጽሔት ተቀብለው ጀርባውን አዩት። "ይሄ የታተመው እኮ ባለቤትሽ ሳይወለድ ነው።"

"ይሁን። ልየው።"

ኮታቸውን አውልቀው፣ ወንበሩ እግር እንደሌለው ረስተው ሊቀመጡ ሲሉ ወደቁ፤ ስመኝ እስክትታመም ሳቀች፤ ከዚያ መሬት ላይ እንደወደቁ አንድ ካርቶን ወደ ራሳቸው ሳቡና መግለጥ ጀመሩ።

ካርቶኖቹ አለቁ። አልነበረም። በቀጣዩ ገበያ ግን እንደገና ሄድኩ፣ ከመጀመሪያው ካርቶን እንደገና ጀመርኩ። ለምን እንደሆነ አላውቅም። የምሄድበት ሌላ ቦታ አልነበረኝም ይሆናል።

እንዲህ ስል ስል አንድ ቀን ዳባት ላይ፣ ጭነት መኪናው የሚቆምበት የባሕር ዛፍ ጥላ ሥር፣ አንድ ሰው "እናኑ" ብሎ ጠራኝ። አያ መኳንንት ነበር፤ የአስረስ ባልንጀራ፣ አብሮት ስካውት የነበረ። እሱም ያኔ አብሮ እንደወጣ የጠፋ ሰው ነው፤ ታስሮ ነበር አለኝ፤ ከጃናሞራ በኩል በእግሩ እንደመጣ እግሩ ይናገራል። ጥርሱ ሳስቷል። ስመኝን አያት፣ ዞር አለ፣ እንደገና አያት።

"አፈር ስሆን፣ ዓይኑን ቆርጣ ወሰደችው" አለ።

ስለ አስረስ ልጠይቀው ፈራሁና የመጽሔቱን ነገር አነሳሁ። ፎቶውን ስፈልግ ዓመታት እንደሄዱ፣ ሳይወጣ እንደቀረ ነገርኩት።

"እንዴት አልወጣም? ወጥቷል እንጂ!" አለ። "ዋልያው ራሱ ነው አምጥቶ የሰጠው። አስረስ ገንጥሎ ኮቱ ውስጥ ከቶ ለፋሲካ ይዞት ወረደ። 'እናኑ ጉድ ትላለች' እያለ ሳንቃ በር እስከሚሉት ቦታ ድረስ መንገዱን ሁሉ ይስቅ ነበር።"

"ለኔ አላሳየኝም፣ አያ።"

"ይዞት ወርዷል፣ በዓይኔ ያየሁትን!"

ኮቱ ውስጥ እጥፍ አድርጎ የያዘው። የሚያብረቀርቀው። የማውቀውን ነገር እንደማላውቅ ሆኜ ጠየቅኩት፤ "በጀርባው በኩል ምን ነበረበት?"

"በጀርባው? ባሕር ነው መሰለኝ። አንድ ግዙፍ ዓሣ።"

የሁሉንም ገጽ ሁለቱንም ፊት ያገላበጥኩ ሰው፣ የግድግዳዬን ግን የፊቱን ብቻ ነው ያየሁት። ጀርባው የጭቃ ነው ብዬ ነበር የምኖረው። አያ መኳንንት የዱላውን ጫፍ መሬት ላይ አሽከረከረ። ከዚያ ወደኔ ሳያይ፣

"ፎቶዋን ፈልጊያት፣ እናኑ። ትፈለጋለች" አለ።

"መቼ?"

"ነገ ጠዋት ከሽማግሌዎቹ ጋር እመጣለሁ።"

ጠዋት ሲለኝ አወቅኩ። እሱም ማወቄን አወቀ። ስመኝ እጄን ይዛ ነበር። ሸንኮራ ገዛላት።

ቤት ስደርስ ፀሐይ ገና አልጠለቀችም። ምላጭ አነሳሁና አልጋው ላይ ወጣሁ። እማሆይ "ምነው ዓሣውን?" አሉ። ሙጫው ደርቆ ነበር፤ ጠርዙን በምላጩ እየተከተልኩ ስዞር እንደ ዳቦ ቅርፊት ፍርክስ ፍርክስ ይላል። መሀሉ ጭቃውን አልነካም። መሀሉን አልቀባውም ነበር። አንድ ቀን እንዲነሳ አድርጎ ነው የለጠፈው፤ ምናልባት በማግሥቱ ሊያነሳውና ሊያስደነግጠኝ፣ ምናልባት እንግዳ ባለበት። ጊዜ ያለው መስሎት ነዋ።

ወረቀቱ ሙሉ ሆኖ እጄ ላይ ወደቀ። የዓሣው ፊት በጭስ ብዛት ጠቁሮ፣ ሰማያዊው ቡና መስሎ ነበር። ገለበጥኩት። ጭቃ ሲያይ የኖረው ፊት ትናንት እንደታተመ ነው።

ገደል ጫፍ ላይ አንድ ሰው ተቀምጧል። ጋቢው ከትከሻው ወርዷል፣ መነጽሩ አንገቱ ላይ ነው። ከበስተኋላው፣ ከድንጋዩ ላይ፣ አንድ ዋልያ ቀንዱን አዙሮ ቆሟል። ሰውየው አንድ የሚያስቅ ነገር ሊናገር አፉን ሊከፍት ሲል ነው ያነሱት።

አላወቅኩትም። ልዋሽ አልችልም። ልጅ ነው፤ ጢሙ እንኳ በቅጡ አልያዘም። ያን ያህል ዘመን የፈለግኩትን ፊት ይዤ የሌላ ሰው ልጅ የማይ መሰለኝ። ስመኝ ክንዴ ሥር ገብታ "ይሄ ነው?" አለችኝ። ነው ልላት አፌ እምቢ አለኝ።

እማሆይ ከእጄ ወሰዱት። ወደ በሩ ብርሃን ይዘውት ሄዱ፤ ዓይናቸው ደክሞ ነበርና ወረቀቱን ፊታቸው ላይ ሊያስነኩት ደረሱ። በአውራ ጣታቸው ደረቱን ዳሰሱ፤ ካኪ ኮቱን፣ ከመሀል ቁልፍ የሌለባትን ቦታ።

"ልትከልልህ ስልህ" አሉ። "ልትከልልህ ስልህ፣ ልጄ…"

ከዚያ ጮኹ። መርዶ ካልመጣ አላለቅስም ያሉት ሴት መርዶውን ሳይጠብቁ ጮኹ። ጎረቤት ግር ብሎ ገባ። በማግሥቱ ማለዳ ሽማግሌዎቹና አያ መኳንንት ጋቢያቸውን አጣፍተው ሲመጡ፣ ሊነግሩን የመጡት ለቅሶ ቤቱ ውስጥ አድሮ ቆያቸው። አያ መኳንንት የት እንደቀበረው ነገረን፤ ድንጋይ ምልክት አድርጎበታል።

ለቅሶው ላይ ፎቶውን ስመኝ ያዘችው። ከፊት ቆማ በሁለት እጇ ከፍ አደረገችው፤ አልቃሿ ስለ ሳቁ፣ ስለ ተራራው ስታወርድ ሰዉ ሁሉ ፊቱን እያየ ደረቱን ይመታል። እንደሚገባው ተለቀሰ። ካህናቱም የሚገባውን አደረጉለት። እኔ ግን ከልጄ ኋላ ነበርኩ። እሷ ወደ ለቀስተኛው ስታዞረው ወደኔ የሚዞረው ዓሣው ነው። ሰው ሁሉ ባለቤቴን ሲያለቅስ እኔ ጭስ የጠገበውን ዓሣ ነበር የማየው። ነፋስ መጣ። ወረቀቱ በልጅቷ እጆች መሀል ሆዱን ነፋ አደረገ፣ መለሰ። ይተንፍስ ያለኝ ድምፅ ያኔ መጣልኝ፤ ከድምፁ ጋር ፊቱ ተከትሎ መጣ፣ ፎቶው ላይ ያለው ሳይሆን የኔው። አንድ ዘለላ እንባ ወረደኝ። ሌላ ይመጣል ብዬ ጠበቅኩ፤ አልመጣም። በነጠላዬ ጠርጌው ቆምኩ።

ኋላ፣ ዘመኑ ሲለወጥ፣ መስታወት የሚገጥመው ሰው "በየትኛው በኩል ይዙር?" ሲለኝ በሁለቱም በኩል መስታወት አድርግልኝ አልኩት። ራሱን ነቀነቀ እንጂ ሠራልኝ። ዛሬ እሷው ስመኝ ቤት፣ አሁን እኔም ያለሁበት ቤት፣ ምስማር ላይ ተሰቅሏል። ሲያሰኘኝ አገላብጠዋለሁ። ጾም ሲገባ ዓሣውን አወጣለሁ፤ እማሆይ ቢኖሩ "ጡት ያጠባል ብለሽኝ የለ?" ባሉኝ ነበር። ግድግዳው አሁን ብሎኬት ነው፣ ቀለም የተቀባ፤ ወረቀት አይፈልግም። መምህር ፈንታሁን የት እንደደረሱ አላውቅም። ያ መጋዘን ፈርሶ መማሪያ ክፍል ሆኗል ይላሉ።

ትናንት ሙጫው ከበረደ በኋላ ሕይወት መሬት ላይ ተንበርክካ ከአንድ መጽሔት የቆረጠችውን ቀጭኔ ገለበጠች። ከጀርባው የሰው ግማሽ ፊትና ጽሑፍ ነበረ። እፍኝ ሙሉ ሙጫ ዘግና መሀሉ ላይ ልታሳርፈው ስትል እጇን ያዝኳት።

"ጠርዝ ጠርዙን ብቻ ቀቢው" አልኳት።

"እንዴ፣ እማማ፣ ይነፋል እኮ!"

"ይንፋ" አልኳት።